ክሎሪን ብቻዋን አትቆምም

የኬሚስትሪ መምህሩ ጫንያለው ከወሎ ተመድቦ ነቀምቴ ሲገባ ኦሮምኛው ለሰላምታ እንኳ አይበቃውም ነበር። እንግሊዝኛው ለተማሪዎቹ አይገባም፤ አማርኛው ደግሞ የኋላ ወንበሮችን ያስቃል። አንድ ቀን ሃይድሮጅን ቀላል ጋዝ ነው ለማለት ፈልጎ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ ክፍሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ምን እንዳለ ግን እስከ ዛሬ የነገረው የለም። ሰው እንዲህ በሦስት ቋንቋ መሃል ተንጠልጥሎ ሲቀር ወይ ይናደዳል ወይ ይለማመጣል። ጫንያለው ሁለቱንም ሞክሮ አልሆን ሲለው ተማሪዎቹን ከወንበር እያስነሳ ማቆም ጀመረ። «አንተ ሶዲየም ነህ፤ ና እዚህ ቁም።» ይህን ለማለት ጣት ይበቃል።

ነገሩ እያደር የክፍሉ ወግ ሆነ። ላብራቶሪ ተብሎ በሩ ላይ የተጻፈበት ቤት አለ፤ ውስጡ ግን ከባዶ ጠርሙስና እግሩ ከወለቀ ወንበር በቀር ምንም የለበትም። ቢኖርበትስ ማን ይደፍረዋል? ክሎሪን ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ነው፤ ሶዲየም ውሃ ሲነካው የሚቀጣጠል ብረት ነው። ሰው እንደ ጆንያ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ሁለቱን የሚያገናኝ አስተማሪ ቢገኝ መጀመሪያ እሱን ነው ማሰር። ስለዚህ ጫንያለው ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር ያሰምራል። ከመስመሩ ወዲህ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ገና ያልተዋሃዱት ይቆማሉ፤ ወዲያ፣ በበሩ በኩል፣ የተዋሃዱት። ሶዲየም የሆነ ልጅ እንደ ኤሌክትሮን የምትቆጠር ቁራጭ ጠመኔ ይይዛል፤ ያቺን ጠመኔ ለሌላ ካልሰጠ እረፍት የለውም። ክሎሪን የሆኑት ሁለት ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይመጣሉ። ሶዲየሞቹ ፊት ሲደርሱ ይላቀቁና እያንዳንዳቸው ከአንድ ሶዲየም ጠመኔ ተቀብለው፣ የሶዲየሙን እጅ ይዘው መስመሩን ይሻገራሉ። ማዶ ሲደርሱ ወጥ ውስጥ የሚገባው ጨው ሆኑ ማለት ነው።

ከዚያ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይቆጥራል። በመስኮቱ በኩል የነበሩት ሁሉ በበሩ በኩል አሉ? አሉ። «ነምኒ ሂንበዱ!» ይላል ጫንያለው፤ ማንም አይጠፋም ማለቱ ነው። በኦሮምኛ ሳይሳሳት የተናገረው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ ስለነበር ይኮራበት ነበር። ክፍሉም በእሱው የወሎ ቅላጼ ተቀብሎ ይደግምለታል፤ መጀመሪያ ለማላገጥ፣ በኋላ ግን ከልቡ።

ከዚህ ሌላ አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፤ «ያያችሁትን ጻፉ» የሚል። መጀመሪያ መቆም፣ ቀጥሎ ማየት፣ መጨረሻ መጻፍ። ሁለት ሶዲየም አይተዋል፤ እጅ ለእጅ የተያያዘ አንድ ጥንድ ክሎሪን አይተዋል፤ ማዶ ሁለት ጨው አይተዋል። ስለዚህ 2Na + Cl₂ → 2NaCl ብሎ ለመጻፍ ማንም አይቸገርም። በሌላ ክፍል ያሉ ተማሪዎች ከክሎሪን ግርጌ ያለችውን ትንሽ ሁለት ሲረሱ የጫንያለው ልጆች ረስተዋት አያውቁም ነበር። እንዴት ይረሷታል? ያቺ ሁለት ስም አላት፤ ሐዊና ሊሊሴ ትባላለች።

ሐዊና ሊሊሴ በአቅራቢያው ካለችው ከጉቴ የመጡ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። የሐዊ እናት ወይዘሮ ቀለሟ የሊሊሴ አባት እህት ናቸው። ሁለቱ ልጆች ቡርቃ ጃቶ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ በአንድ አልጋ ተኝተው፣ በአንድ ጃንጥላ ነበር ትምህርት ቤት የሚመጡት። ዘጠነኛ ክፍል የገቡ ቀን እጅ ለእጅ ተያይዘው በሩ ላይ ሲደርሱ ጫንያለው የሚያቆመው ጥንድ እየፈለገ ነበርና «እናንተ ክሎሪን ናችሁ» አላቸው። በዚያው ጸና። ልጆቹ ከክፍል ወደ ክፍል ሲያልፉ እሱም አብሯቸው እየተመደበ አሥራ ሁለተኛ ድረስ መጣ። የግቢው ዘበኛ ሳይቀር «ክሎሪኖቹ አረፈዱ» ይል ነበር።

ሐዊ ሳቂታ ነበረች። ሊሊሴ ግን ሳቅ የማይቀናት ቁም ነገረኛ ናት፤ የመምህሯን ስህተት አሳልፋ አታውቅም። ጫንያለው ሰሌዳው ላይ ቁጥር ሲስት ከኋላው እስክሪብቶ ጠረጴዛ ሲመታ ይሰማና ፊቱን ሳያዞር «የቱ ጋ ነው ሊሊሴ?» ይላል። እሷም ትነግረዋለች፤ እሱም ያጠፋዋል። እንዲህ ያለ ተማሪ የሚያስቆጣው አስተማሪ ሞልቷል። ጫንያለው ግን በዚህች ልጅ ይኮራ ነበር፤ ለሚስቱ እንኳ የሚያወራው ስለ እሷ ነው።

ሶዲየሞቹ ኤባና ሮቤራ ነበሩ። ኤባ ለሊሊሴ፣ ሮቤራ ለሐዊ። ሮቤራ ጠመኔዋን ለሐዊ ሲያቀብል እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ክፍሉ ምክንያቱን ስለሚያውቅ ይንጫጫል፤ ሐዊም አውቃ እጇን ታዘገያለች። እሷ ግን ከሶዲየም ይልቅ ማግኒዝየም ነበር የምትወደው። ማግኒዝየም ሁለት ጠመኔ ይዞ ብቻውን ይመጣል፤ ሁለቱን ክሎሪኖች ግራና ቀኝ ይዞ ነው የሚሻገረው። «በማግኒዝየም ጊዜ አብረን ነን» ትል ነበር።

በግንቦት አንድ ሰኞ ሐዊ ከጉቴ ራሷን እያመማት ተመለሰች። የብሔራዊ ፈተናው ጥናት ነው ያደከማት ተባለ፤ ራሷም ያንኑ አለች። ለካስ ወባ ኖሯል። በዚያ ዓመት ወባ ያልገባበት ቤት አልነበረም። ሆስፒታል ስትገባ አልጋው ሞልቶ ከአንዲት እናት ጋር እግርና ራስ ሆነው ነበር የተኙት።

ጫንያለው ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃት ሄደ። ሊሊሴ ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጣ የሐዊን እግር ታሻሻለች። ከሐዊ ራስጌ በላይ የግሉኮስ ከረጢት ተሰቅሏል፤ ሰው ሁሉ ግሉኮስ ይበለው እንጂ ላዩ ላይ የተጻፈው ሶዲየም ክሎራይድ ነው። ሐዊ ዐይኗን በጭንቅ ገልጣ ወደ ላይ አመለከተች።

«ቲቸር፣ ይዩ፤ እኔና ሮቤራን ሰቅለውናል።»

ጫንያለው ሳቀ። «ሊሊሴስ የት አለች?»

«ከኤባ ጋር፣ በሚቀጥለው ጠብታ ትመጣለች» አለች።

ሊሊሴም ፈገግ አለች፤ ለእሷ ይህ ብዙ ነው። ጫንያለው ይህች ልጅ ትድናለች ብሎ ደስ እያለው ወጣ፤ ባጃጅ ውስጥ ሆኖ ለብቻው ይስቅ ነበር። በማግስቱ ጠዋት የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ቆሞ ሳለ ሐዊ እንዳረፈች ነገሩት። ሰልፉ መሃል ሮቤራ ባለበት ቁጢጥ አለ።

የተቀበረችው ጉቴ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ሲዘምሩ እናቷ ወይዘሮ ቀለሟ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። ጫንያለው ጎንበስ ብሎ «ዋቅኒ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ» አላቸው፤ እግዚአብሔር ያጽናዎት ማለት ነው። ከዚያ በላይ ሊላቸው የሚፈልገው ብዙ ነበር፤ በየትኛውም ቋንቋ አልመጣለትም። ሊሊሴ ከእሳቸው ጎን ነበረች። አላለቀሰችም፤ ጫንያለውን ያስፈራውም ይኸው ነው።

ብሔራዊ ፈተናው ግን ሐዘን አያውቅም። ባለፈው ዓመት ከዚህ ትምህርት ቤት ያለፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ዘንድሮ ጫንያለው ሊሊሴ ታልፋለች ብሎ ተማምኖ ነበር፤ ከጉቴ ወጥታ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፣ ምናልባትም ኬሚስትሪ ታጠናለች ብሎ። የክሎራይዶች ጥያቄ ደግሞ ከፈተናው ቀርቶ አያውቅም። ስለዚህ ከሐዘኑ መልስ አንድ ቀን ልቡን አጠንክሮ መስመሩን አሰመረና እንደ ድሮው «ክሎሪን!» ብሎ ጠራ።

ሊሊሴ ተነሥታ መስኮቱ ጋ ሄደች። ቀኝ እጇን ዘርግታ፣ የሚይዘው ሳይኖር፣ ቆመች።

ጫንያለው ከጎኗ የምትቆም ልጅ በዐይኑ ፈለገ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንዷን በጣቱ ቢጠቁማት አንገቷን ደፋች። ሌላዋም እንደዚያው። ሮቤራ ጠመኔውን እንደያዘ ወለሉን ያያል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ የሊሊሴ እጅ እንደተዘረጋ ነው። ጫንያለው ልውጣና እኔው ልቁም ብሎ አሰበ፤ ግን የዚያች ልጅ ቦታ ላይ በትልቅ ጫማው መቆም አስጠላው። «ተቀመጪ፣ ሊሊሴ» አላት። የዚያን ዕለት ትምህርት በዚህ አበቃ።

በሳምንቱ ፈተናቸው። የአምስት ክሎራይዶችን አሠራር በተመጣጠነ እኩልታ ጻፉ አለ። ወረቀቶቹን ይዞ መምህራን ማረፊያ ተቀመጠና ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ። የመጀመሪያው ወረቀት Na + Cl → NaCl ይላል። ስንፍና ነው ብሎ ኤክስ አደረገበት። ሁለተኛውም ያንኑ ይላል። ሦስተኛውም። የማግኒዝየሙ Mg + 2Cl → MgCl₂፣ የብረቱ Fe + 3Cl → FeCl₃። ቁጥሩ ሁሉም ላይ ይመጣጠናል፤ ግራና ቀኙ እኩል ነው። ክሎሪኗ ግን ሁሉም ላይ ብቻዋን ናት። ክሎሪን በተፈጥሮዋ ጥንድ ሆና ካልሆነ እንደማትገኝ ከማንም በላይ የሚያውቁ ልጆች፣ ክፍሉን ሞልተው፣ ብቻዋን አድርገው ጻፏት።

ተመካክረው እንዳልሆነ ገባው። በዚያ ዝናብ ቀን አንዲት ክሎሪን ብቻዋን መስኮቱ ጋ ቆማ አይተዋል። ያዩትን ጻፉ።

የሊሊሴ ወረቀት መጨረሻ ላይ ነበር። በሚያምር የእጅ ጽሑፏ አምስቱም ላይ Cl ብቻ። ጫንያለው ቀዩን እስክሪብቶ ይዞ ቆየ። ሆዱ ባባ። ፈታኞቹ ግን ሆዳቸው አይባባም፤ ሐዊን አያውቋትም። አምስቱንም ኤክስ አደረገና ዜሮ ሰጣት። በአራት ዓመት ውስጥ ለዚህች ልጅ ዜሮ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው።

ከክፍል ስትወጣ በረንዳው ላይ ጠራት። የሚነጋገሩት በኦሮምኛ ነው፤ ዛሬ ዛሬ ኦሮምኛው እግር አውጥቷል።

«ይህን የምትሳሳቺ ልጅ አይደለሽም» አላት።

«ቁጥሩ እኩል ነው፣ ቲቸር። ግራ አንድ፣ ቀኝ አንድ።»

«ቁጥሩ እኩል ነው። ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። ክሎሪን ብቻዋን አትቆምም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

«እኔ ግን ቆሜያለሁ» አለች ሊሊሴ።

ጫንያለው ዝናቡን እያየ «ፈተናው ላይ እንዲህ ብትመርጪ ይጥልሻል» አላት።

«ይጣለኝ።»

«ሊሊሴ።»

«ቲቸር፣ ነምኒ ሂንበዱ ያሉን እርስዎ ነዎት።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «በግራ የገባ በቀኝ ይገኛል ብለውናል። አራት ዓመት ሙሉ ቆጥረናል። ሐዊ በየት በኩል ነው ያለችው? ይቁጠሩልኝ።»

የጠየቀችው አራት ዓመት በኮራበት ዓረፍተ ነገር ነው። እኔ የተናገርኩት ስለ አቶም ነው ሊላት ይችል ነበር፤ እውነትም ነው። ግን እንዲህ ያለውን እውነት ለዚች ልጅ መናገር ነውር መሰለው። እሷም ደብተሯን ዝናቡ እንዳይመታው ደረቷ ላይ አቅፋ ሄደች። ጃንጥላ አልያዘችም። የሁለት ሰው ጃንጥላ ስለሆነ ትታው እንደምትመጣ ኋላ ነው ከኤባ የሰማው።

ከዚያ ወዲያ ሊሊሴ ክፍል ትገባለች፣ ትቀመጣለች፣ እስክሪብቶዋን ግን አታነሣም። ጫንያለው አንድ ቀን ሆነ ብሎ ሰሌዳው ላይ ቁጥር አሳስቶ ጻፈ፤ ጆሮውን አቅንቶ ጠበቀ። ጠረጴዛውን የመታ የለም። ስህተቱን ራሱ አጠፋው።

ብሔራዊ ፈተናው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወይዘሮ ቀለሟ ትምህርት ቤት መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የሐዊን የመማሪያ መጻሕፍት በፕላስቲክ ጠቅልለው በደረታቸው አቅፈው በሩ ላይ ቆሙ። ክፍሉ ተነሣ።

«አከም ቡልተን፣ ባርሲሳ» አሉ፤ እንዴት አደሩ፣ መምህር ማለታቸው ነው።

«ነጋ፣ ደህና ነን፣ ሃዳ ሐዊ። ይግቡ» አላቸው። ሃዳ ሐዊ፣ የሐዊ እናት ማለት ነው፤ ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጠው። በዚህ አገር እናት በልጇ ስም ነው የምትጠራው፤ ልጇ ስትሞት በምን እንደምትጠራ ግን አልነገሩትም። እሳቸው ግን ስሙን የሰሙት ደስ ብሏቸው ይመስል ነበር።

«መጽሐፍ የመንግሥት ነው፤ እቤት አይቀመጥም» አሉ። «ቢሮ ስሄድ የክፍሏ አስተማሪ ይረከብሽ አሉኝ። ሥራዎን ይጨርሱ፤ እጠብቃለሁ።»

ባዶ የነበረው ቦታ አንድ ብቻ ነው። ሊሊሴ ማንንም አስቀምጣበት የማታውቅ የሐዊ ቦታ። ወይዘሮ ቀለሟ ሳያውቁ ሄደው እሷ ጎን ተቀመጡ፤ ሊሊሴም ቀሚሷን ሰብስባ አስጠጋቻቸው። ጫንያለው ወደ ሰሌዳው ዞሮ የጨውን እኩልታ መጻፍ ጀመረ። እሳቸው ጥቂት ሲመለከቱ ቆዩና እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ። ክፍሉ ውስጥ የሳቀ አልነበረም።

«ባርሲሳ፣ ሥራ አስፈትቼዎት እንደሆን ይቅርታ። ሐዊ ለዕረፍት ስትመጣ ‹እኔና ሊሊሴ ክሎሪን ነን› ትለኝ ነበር። ምንድነው ስላት ትስቃለች። ምንድነው እሱ?»

ጫንያለው አፉን ከፈተ። ጋዝ ነው ሊል? አረንጓዴ ቢጫ ነው፣ መርዝ ነው ሊል? «እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚመጡ ሁለት ናቸው» አለ በመጨረሻ። «እነሱ ነበሩ የሚቆሙልን።»

«የት ነበር የምትቆመው?»

ሊሊሴ ናት የመለሰችው። «መስኮቱ ጋ፣ አዳዳ» አለች፤ የአባትን እህት አዳዳ ነው የሚሏት።

ወይዘሮ ቀለሟ መጻሕፍቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ተነሡና ሄደው መስኮቱ ጋ ቆሙ። ወለሉን ተመለከቱ፤ ልጃቸው በረገጠችበት መቆማቸውን የሚያረጋግጡ ይመስል እግራቸውን አስተካከሉ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ሊሊሴ ዘረጉ።

ልጅቷ ለመነሣት ጊዜ ወሰደባት። ከዚያ ሄደች፤ የአክስቷን እጅ ያዘች። መስኮቱ ጋ እንደገና ሁለት ሆኑ፤ አንዷ ዩኒፎርም የለበሰች፣ አንዷ በነጠላ። ጫንያለው መስመሩን አላሰመረም፤ የጠራውም ሰው አልነበረም። ሮቤራ ግን በራሱ ተነሣ። ከሰሌዳው ግርጌ ሁለት ቁራጭ ጠመኔ አንሥቶ አንዱን ለኤባ ሰጠ፤ ሁለቱ መጥተው ፊት ለፊት ቆሙ። ሮቤራ እንደ ወጉ ጠመኔውን በአንድ እጁ ይዞ፣ ሌላውን እጁን ባዶውን ዘርግቶ ጠበቀ።

ወይዘሮ ቀለሟ የልጁን እጅ አዩ። የሊሊሴን እጅ አጥብቀው ያዙ። «ምን ፈልጎ ነው?» አሉ።

እሳቸው ክሎሪን ማለት መያያዙ ብቻ መስሏቸዋል። መላቀቅ እንዳለው ማን ነገራቸው? አንዲት እናት የልጇ ቦታ ላይ ቆማ በስንት ቀኗ የሰው እጅ ይዛለች፤ አሁን ልቀቂ ብሎ የሚያዛት ማነው? ጫንያለው ይብቃ፣ ተቀመጡ ሊል ፈለገ። ሊሊሴ ቀደመችው።

«አዳዳ» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፣ ክፍሉ ግን ሰማው። «እዚህ ጋ እንለያያለን።»

«ለምን?»

«ካልተለያየን አንሻገርም። እኔ ከኤባ ጋር እሄዳለሁ። ሐዊ» አለችና ትንፋሽ አጠራት፤ «ሐዊ ደግሞ ከእሱ ጋር። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የምናደርገው።»

ወይዘሮ ቀለሟ እጇን አልለቀቁም። ከሊሊሴ ራስ በላይ ጫንያለውን አዩት። «ከዚያ ወዲያስ፣ ባርሲሳ? ይመለሳሉ?»

መልሱን ያውቀዋል። ጨው ቀልጦ የኤሌክትሪክ ኃይል ቢያልፍበት ሶዲየሙ ለብቻው፣ ክሎሪኑ ለብቻው ይወጣል። ክሎሪኖቹም ያኔ እንደ ጥንቱ ይጣመራሉ፤ ይመለሳሉ ማለት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ እሱ ራሱ በጥር አስተምሮታል፤ ጠረጴዛው ላይ በፕላስቲክ በተጠቀለለው በሐዊ መጽሐፍ ውስጥም አለ። የሴትዮዋ ዐይን ግን ስለ ጨው አይጠይቅም ነበር።

«አይመለሱም፣ ሃዳ ሐዊ» አለ።

ለአራት ዓመት የለመደው ነገር ሳያስበው ጆሮውን አቀናው። ስህተት ተናግሯል፤ ሊሊሴ ታውቃለች። ይህን ጥያቄ በጥር ፈተና ላይ ክፍሉ ውስጥ በትክክል የመለሰችው እሷ ብቻ ነበረች። ቀና ብላ አየችው። አፏ ሊከፈት ሲል አየ። ከዚያ ከንፈሯን ገጠመችና አንገቷን ዝቅ አደረገች። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ያልፈሰሰው እንባዋ ያኔ መጣ፤ ያለ ድምፅ፣ አገጯ ድረስ ወረደ።

«እሺ» አሉ ወይዘሮ ቀለሟ። እንዲህ ብለው የነገራቸው ሰው እስካሁን አልነበረም፤ ሁሉም በሰማይ ትገናኛላችሁ ነበር ያላቸው። የሊሊሴን እጅ ወደ ከንፈራቸው አምጥተው ሳሙት። «በይ ሂጂ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉና ለቀቋት።

ኤባ ጠመኔውን ሰጣት፤ ተያይዘው ወደ በሩ ተሻገሩ። ሮቤራ የእሱን ጠመኔ ሲያቀብል እጁ እንደ ድሮው ተንቀጠቀጠ። ወይዘሮ ቀለሟ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። ቀኝ እጃቸውን ይዞ ቀስ እያለ አሻገራቸው፤ ማዶ ሲደርሱም አልለቀቃቸውም።

ክፍሉ መቁጠር ነበረበት፤ የደፈረ አልነበረም። ነምኒ ሂንበዱ ያለም የለም፤ ጫንያለው ያንን ዓረፍተ ነገር ዳግመኛ አልተናገረውም። ሊሊሴ ከበሩ ወደ ሰሌዳው ሄደች። ከኤባ በተቀበለችው ጠመኔ፣ ጫንያለው ከጀመረው በታች፣ የራሷን ጻፈች። 2Na ብላ ጻፈች፤ ቀጥላ Cl። እዚያ ላይ እጇ ቆመ። ከዚያ ከግርጌው ትንሿን ሁለት ጨመረች፤ ቀስቱንም አስከትላ 2NaCl ብላ ጨረሰች። ልጆቹ ደብተራቸውን ገልጠው መገልበጥ ጀመሩ።

ወይዘሮ ቀለሟ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የሮቤራን ጠመኔ ቋጠሩበት። ከዚያ መጻሕፍቱን አንሥተው ወደ ጫንያለው መጡ። እሱም አንድ በአንድ ተረከባቸው።